ሰባት እግዚኦ

አቶ ደምሰው ወርቅዬ የበደለኝ በንጉሡ ጊዜ ነው። ጥር ሃያ፣ የአስተርዮ ማርያም ዋዜማ ዕለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ የድጓ ዜማ በሚማሩበት ደብር በቤተ ልሔም፣ አርባ የሚያህል ሰው በተቀመጠበት በደለኝ። ቀኑንም ሰዓቱንም የምጠቅሰው «ተሳስታ ይሆናል» የሚል እንዳይነሣ ነው። ሰውየው ሞቷል። ልጆቹ አሉ፤ ይህን ቢያነቡ ቅር ይላቸው ይሆናል። እኔም ቅር ብሎኝ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ቅር መሰኘት ሰው እንደማይገድል ልነግራቸው እችላለሁ።

ደምሰው በዚያን ጊዜ ንፋስ መውጫ ላይ የነበረ ብቸኛ ፎቶ አንሺ ነው። አሥመራ አንድ ጣልያን ዘንድ ሁለት ዓመት ተምሮ መጥቷል። የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አድርጎ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል። ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ የሚያሳየው ያነሣቸውን ፎቶዎች ሳይሆን ያን ወረቀት ነበር። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ማኅተሙን አይቶ ኮፍያውን ያወልቅ ነበር።

እኔ ማንጠግቦሽ ተሰማ እባላለሁ፤ የቤተ ልሔሙ ብራና ፋቂ ልጅ ነኝ። ያን ጊዜ ዕድሜዬ ሃያ ግድም ነው። ስማዳ ተድሬ ሦስት ዓመት ኖሬ፣ የባሌ ዱላ ሲበዛብኝ ጥዬው ወጥቻለሁ። የእሱን ስም አልጽፍም፤ ለእሱ ቀለም አላባክንም። አባቴ ቤት ብሄድ ሽማግሌ ተከትሎኝ እንደሚመጣ ስለማውቅ ንፋስ መውጫ አክስቴ ዘንድ ተጠጋሁ፤ ከዚያም ደምሰው ቤት ተቀጠርኩ። ሥራዬ መጥረግና ውሃ መቅዳት ነው። ውሃው ብዙ ነበር። በቀን አራት አምስት እንስራ ከምንጭ እያመጣሁ ጓዳው በር ላይ አስቀምጣለሁ። አንድ ፎቶ አንሺ ይህን ያህል ውሃ ምን ያደርግለታል ብዬ አንድ ቀንም አልጠየቅሁም። ይህን አለመጠየቄን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የዚያን ዘመን የፎቶ ሳጥን ላላያችሁ ላስረዳ። ሦስት እግር ያለው የእንጨት ሳጥን ነው። ፊቱ ላይ መስታወት፣ መስታወቱ ላይ ክዳን፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ክንድ የሚገባበት ጥቁር እጅጌ አለው። ወረቀቱ ውስጥ በጨለማ ይቀመጣል። ክዳኑ ሲነሣ ብርሃን ይገባል፤ ቆጥሮ መልሶ መክደን ነው። ከዚያ ክንድን በእጅጌው አስገብቶ፣ ወረቀቱን ሳጥኑ ውስጥ ባሉት ሁለት ጣሳዎች ተራ በተራ መንከር ነው። የፊተኛው ውሃ መልኩን ያወጣል፣ የኋለኛው ያጸናዋል። ሁሉም በዳሰሳ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ግልብጡ ነው፤ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ። የገበያው ሰው «መጀመሪያ ሰይጣኑ ይወጣል፣ ቀጥሎ ሰውየው» ይል ነበር። ያን ግልብጥ ሳጥኑ ፊት አቁሞ በሌላ ወረቀት መልሶ ማንሣት ነው፤ ያን ጊዜ ሰው ይሆናል። ስለዚህ ለአንድ ፎቶ ሁለት ወረቀት ይሄዳል።

የጣሳው ውሃ የደምሰውን ጣት ስለሚሰነጣጥቀው ክንድ ማስገባቱን ለእኔ ተወው። እሱ ሰዓቱን እያየ «አውጪ» ይለኛል፣ አወጣለሁ። ክዳኑን ግን አያስነካኝም። «ክዳን የተማረ ሰው ነው የሚያነሣው» ይላል። ሲያነሣም እንደ አስተማሪው በጣልያንኛ እስከ ሦስት ይቆጥራል፤ «ኡኖ፣ ዱዌ፣ ትሬ።» ፎቶው ከወጣ በኋላ ይዞት ጓዳ ይገባና በሩን ይዘጋል። የሚያደርቀው ይመስለኝ ነበር።

የንፋስ መውጫን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠዋት ጠዋት የሚወጣው ፎቶ ሁሉ አመድ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። ደምሰው ወረቀቱን ይረግማል፣ ፀሐዩን ይረግማል፣ «የዚህ አገር ሰው ፊት ለፎቶ አልተፈጠረም» ይላል። እኔ ክንዴ ውስጥ ስለሆነ ምክንያቱን አወቅሁት። ውሃው ቀዝቅዞ ነው። አባቴ የፍየል ቆዳ ሲዘፈዝፉ በበጋ የሚበቃው ቀን በክረምት አይበቃም፤ ቀን ይጨምራሉ። ውሃ ሲበርድ ይሰንፋል። ስለዚህ ደምሰው «አውጪ» ሲለኝ «እሺ» እያልኩ ወረቀቱን አቆየው ጀመር። ሰዓት ስለሌለኝ በጣቴ አንጓ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ እያልኩ ቆጠርኩ። ለሞቃት ቀን አርባ አንድ፣ ለብርድ በላዩ አሥራ ሁለት። ፎቶው እየጠራ መጣ። ደምሰው «ይሄኛው ወረቀት ደኅና ነው» አለ። እኔም «ደኅና ነው» አልኩ።

በጥር አጋማሽ ከቤተ ልሔም አንድ የድጓ ተማሪ መጣ። ተማሪ ብል ልጅ አይምሰላችሁ፤ ጺሙ የሸበተ፣ ከቋራ ተነሥቶ በትምህርት ያረጀ ሰው ነው። ሁሉም «ቋራው» ነው የሚለው።

«የኔታ ከበዓሉ በኋላ ገዳም ሊገቡ ነው» አለ። «ሲወጡ አይመለሱም። እኛም በየአገራችን እንበተናለን። መልካቸው እንኳ እንዲቀርልን ብለን ነው።»

የኔታ ማለት የድጓው መምህር ናቸው። ልጅ ሆኜ ለአባቴ ውሃ ስወስድ በየቀኑ አያቸው ነበር፤ ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ ተማሪዎቹ ዙሪያቸውን ሆነው። ደምሰው የቀሩትን ስምንት ወረቀቶች ያዘ፤ ሌላ አልነበረም። እሱ በበቅሎ፣ ሳጥኑ በአህያ፣ እኔ በእግሬ ቀኑን ሙሉ ሄደን ደረስን።

አባቴ በር ላይ ተቀበሉን። ሰላምታውን ሳንጨርስ «የስማዳ ሽማግሌዎች ለዋዜማው ይመጣሉ» አሉኝ። «ሁለት ጊዜ መልሻቸዋለሁ። ሦስተኛውን በምን አፌ እመልሳለሁ?»

«አልሄድም፣ አባባ።»

«ምን ይዘሽ? የሰው ቤት መጥረግ ይዘሽ? ትዳር ጥላ ግርድና የገባች እያሉሽ ነው። ሥራ ካለሽ ሥራሽን ልስማና በእሱ ልመልሳቸው።»

«ፎቶ እሠራለሁ።»

አባቴ ጭነቱን ወደሚያራግፈው ደምሰው ዞሩ። «አቶ ደምሰው፣ ይቺ ልጅ አንተ ዘንድ ምን ትሠራለች?»

ደምሰው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ውሃ ትቀዳለች» አለ።

አባቴ «እንግዲያው ከሽማግሌዎቹ ጋር ትሄጃለሽ» ብለው ገቡ። አባቴ የተናገሩትን የሚያጥፉ ሰው አልነበሩም። ስማዳ ብመለስ የሚጠብቀኝን አውቀዋለሁ፤ ግራ ክንዴ እስከ ዛሬ ቀጥ ብሎ አይዘረጋም።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ደምሰው ሰማያዊ መጋረጃውን ግንብ ላይ ሰቀለ። መጋረጃው ላይ ዘንባባና ባሕር ተሥሏል። ባሕሩ ፊት ወንበር አኖረና የኔታን አስቀመጣቸው። የየኔታ ዓይን ያን ጊዜ ደክሟል፤ ሰው የሚለዩት በድምፅ ነው።

«ቀና ይበሉ፣ የኔታ» አለ ደምሰው።

«ወዴት?»

«ወደ ፀሐዩ።»

«ፀሐዩማ ራሱ ወደ እኔ መጥቷል፤ ምን እጨምርለታለሁ?»

ተማሪዎቹ ሳቁ። ደምሰው አልሳቀም። «እንዳይነቃነቁ» አለና ክዳኑን አነሣ። ኡኖ፣ ዱዌ፣ ትሬ። እኔ ክንዴን አስገባሁ። ግልብጡ ወጣ፣ መልሶ አነሣው፣ ሰውየው ወጣ። ጥምጣሙ እንደ እሳት ነጭ ነው፤ ከሥሩ ያለው ፊት ከሰል ሆኗል። ዓይን የለ፣ አፍንጫ የለ።

ቋራው ወረቀቱን አገላብጦ አየው። «ጥምጣሙንስ አገኘነው» አለ። «የኔታ የት ሄዱ?»

ደምሰው ደገመ። ሁለተኛው ባሰ። ለሦስተኛው የየኔታን አገጭ በእጁ ይዞ ወደ ላይ አቀናው፤ ተማሪዎቹ ሲያጉረመርሙ ሰማሁ። የእሳቸውን አገጭ የነካ ሰው አልነበረም። ሦስተኛው ደግሞ አንገቱን ለመታረድ የሰጠ ሰው አስመሰላቸው። ስድስት ወረቀት አለቀ። ሁለት ቀረ።

ደምሰው ላቡን ጠረገና በሁሉ ፊት ወደ እኔ ጠቆመ። «ይቺ ናት። ውሃውን የቀላቀለችብኝ ይቺ ናት። ሥልጠና የሌለው እጅ ሲገባበት እንዲህ ነው።»

አባቴ ከኋላ ቆመው ነበር። ዞረው ሄዱ።

የዋዜማው ዕለት ጠዋት የደምሰው በቅሎ ችካሏን ነቅላ ጠፋች። ቁልቁል ወደ ገደሉ ስትሄድ ያየ ሰው ነበር። ደምሰው እየተራገመ ተከትሏት ወረደ። ሲወርድ ሳጥኑን እንድጠብቅ ነገረኝ። ሌላ ያለኝ ቃል የለም፤ ይህንንም ያዙልኝ።

እኔም ጥቂት ቆሜ አሰብኩ። ሽማግሌዎቹ ከሰዓት በኋላ ይደርሳሉ። ሁለት ወረቀት አለ። ሳጥኑን ተሸክሜ የኔታ ወደሚያስተምሩበት ዛፍ ሄድኩ።

«ማን ነሽ?» አሉኝ የእግሬን ድምፅ ሰምተው።

«የብራና ፋቂው የተሰማ ልጅ ነኝ፣ የኔታ። ላነሣዎት መጥቼ ነው።»

«ያ የትናንቱስ?»

«በቅሎ ፍለጋ ወርዷል።»

«በቅሎዋ ብልህ ናት» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዓይናቸው ፊት አወዛወዙ። «እኔ እንግዲህ ከዚህ ዓለም የቀረኝ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። ሌላ አይታየኝም።»

«ለዚህ ሥራ የሚፈለገውም እሱው ነው፣ የኔታ።»

ሳቁ። «እንግዲያው ወዴት ቀና ልበል?»

«የትም። ያስተምሩ።»

ዛፉ ሥር ጥላው ጥሩ ነበር፤ ፊት አያቃጥልም። ነገር ግን ጥምጣሙ አሁንም ነጭ ነው፣ ፊታቸው ከሥሩ ጨልሟል። ያን ጊዜ አባቴ ትዝ አሉኝ። ብራና በእንጨት ተወጥሮ ፀሐይ ላይ ሲቆም አባቴ አጎንብሰው ይፍቃሉ፤ ነጩ ቆዳ ብርሃኑን ከታች ወደ ፊታቸው ይመልሰዋል። የአባቴን ፊት ሽብሽብ አንድ በአንድ የማውቀው በዚያ ብርሃን ነው። ሮጬ ሄድኩ። በር ላይ ሆነው እየፋቁ ነው።

«አባባ፣ ይህን ውጥር ያውሱኝ።»

«ለምን?»

«የየኔታ ፊት ጨልሞብኛል። አንቱ ሲፍቁ ፊትዎ ከታች ሲበራ እያየሁ ነው ያደግሁት።»

አባቴ መፋቂያውን አስቀመጡ። ትናንት የሰሙት ነገር ፊታቸው ላይ አለ። «የመዝሙረ ዳዊት ብራና ነው፤ ለአንቺ አልሰጥም» አሉ። ከዚያ ራሳቸው ተሸከሙት።

እንዴት እንደሚይዙት ነገርኳቸው። ከየኔታ ጉልበት ትንሽ ራቅ ብለው፣ ጫፉን ከጥላው አውጥተው ወደ ፀሐዩ ያዙት። የየኔታ ፊት ከጥምጣሙ ሥር ወጣ። አባቴ አዩት። ውጥሩን ሳልነግራቸው ትንሽ ዝቅ አደረጉት፣ ፊቱም ይበልጥ ጠራ።

አሁን የቀረው መነቃነቃቸው ነው። የኔታ ሲያስተምሩ ዝም አይሉም፤ እጃቸው ይሄዳል፣ ራሳቸው ይወዛወዛል። አይነቃነቁ ብላቸው ደግሞ የትናንቱ ድንጋይ ይሆናሉ። ነገር ግን እኔ ልጅ ሆኜ ያየሁት አንድ ነገር አለ። ተማሪ ዜማ ሲስት የኔታ አይቆጡም። እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ ራሳቸውን ትንሽ ዘንበል አድርገው፣ ተማሪው ራሱ ስህተቱን እስኪያገኝ ድረስ እንደ ሐውልት ይቆማሉ። እውነተኛው መልካቸው ያ ነው። በእሳቸው እጅ ያለፈ ሰው ሁሉ የሚያስታውሳቸው እንዲያ ሆነው ነው።

ቋራውን ጠራሁት። «አንድ ነገር ልለምንህ። ምልክት ስሰጥህ ተሳሳት።»

ፊቱ ተለወጠ። «እኔ? በየኔታ ፊት? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህች ቦታ ተሳስቼ አላውቅም።»

«ለዚህ ነው አንተን የጠየቅሁ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ከበቅሎዋ ጋር መክረሻል» አለ። ግን ሄዶ ቦታው ተቀመጠ።

ዜማውን ጀመረ። ክዳኑ ላይ እጄን አኖርኩ። አንገቴን ነቀነቅሁለት። ቋራው ድምፁን መውረድ ባለበት ላይ አወጣው፤ እኔ እንኳ ያልተማርኩት አወቅሁት። የየኔታ እጅ ወደ ላይ ወጣ፣ ራሳቸው ዘንበል አለ፣ ቆሙ።

ክዳኑን አነሣሁ። ለጥላው ሦስት እንደማይበቃ አውቄ ነበር። በሹክሹክታ ቆጠርኩ። እግዚኦ። እግዚኦ። እስከ ሰባት። ከደንኩ።

ክንዴን በእጅጌው አስገባሁ። ውሃው በረዶ ነበር። በሹክሹክታዬ ቀጠልኩ፤ አርባ አንድ፣ በላዩ አሥራ ሁለት። ግልብጡን አወጣሁ፤ ጥቁር ጥምጣም፣ ነጭ ፊት፣ ፊቱ ላይ ግን ሽብሽብ ሁሉ አለ። ያን በመጨረሻው ወረቀት መልሼ አነሣሁ። ሳወጣው አባቴ ከጎኔ ነበሩ። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«እየሰሙ ነው» አሉ አባቴ።

እውነትም ነው። ፎቶው ውስጥ የኔታ ይሰማሉ። ከዚያ ወዲህ በሺህ የሚቆጠር ሰው አንሥቻለሁ፤ ጆሮው የሚሠራ ፎቶ ግን ያንን ብቻ ነው የማውቀው። በትዕቢት አይደለም የምለው። በትዕቢትም ቢሆን ይገባኛል።

በአንድ ገበቴ ውሃ አንድ ጊዜ ነክሬ፣ ብራናው ጥግ ላይ ለጥፌ አደረቅሁት።

ደምሰው በቅሎዋን እየጎተተ የመጣ ስምንት ሰዓት ነው። ፎቶውን አየ። አነሣው፣ አሸተተው፣ ገለበጠው። ከኮሮጆው ማኅተሙን አወጣና ጀርባው ላይ መታው፤ «ደምሰው ፎቶ ቤት» ይላል። ከዚያ ኪሱ ከተተው። ለእኔ አንዲት ቃል አልተናገረም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካህናቱና ተማሪዎቹ ተሰበሰቡ። ሁለቱ የስማዳ ሽማግሌዎችም ደርሰው ከአባቴ አጠገብ ተቀምጠዋል። ደምሰው ተነሥቶ ፎቶውን ሰጠ። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንድ ቄስ ተሳለሙት።

«ትናንት ብርሃኑን እያጠናሁ ነበር» አለ ደምሰው። «በትምህርት ቤት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሙከራ ነው፤ ቀጥሎ ሥራ።»

ተነሣሁ። «ያነሣሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁ። «ባሏን ጥላ የሄደችው ለዚህ ኖሯል» አሉ። ጥቂት ሰዎች ተከትለው ሳቁ።

ቋራው «እኔ አይቻለሁ፣ እሷ ናት» አለ።

ደምሰው አልደነገጠም። ተዘጋጅቶበታል። «ክዳኑን እሷ አንሥታ ይሆናል። ክዳን ጦጣም ታነሣለች። ስሄድ ሁሉን አዘጋጅቼ፣ ቁጥሩን ሁሉ ነግሬያት ነው የሄድኩ። ሥራው እውቀቱ ነው እንጂ ክዳኑ አይደለም። ሁለት ዓመት የተማርኩበትን ውሃ ቀጂ በአንድ ጠዋት አታውቀውም።»

ይህ በደሉ ነው። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ፤ ነገሩ ለሰሚው እውነት ይመስላል። አባቴ አንገታቸውን ደፉ። ውጥሩን ይዘው ነበር እንጂ የቁጥሩን ነገር አያውቁም።

የኔታ ከወንበራቸው እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

«አቶ ደምሰው፣ ስንት ቁጠሪ ብለህ ነገርካት?»

«ሦስት፣ የኔታ። እንደ ትናንቱ።»

«በውሃውስ ውስጥ?»

«እንደ መጽሐፉ። አንድ ደቂቃ።»

«እኔ ዓይን የለኝም፤ ጆሮ ግን አለኝ» አሉ የኔታ። «ትናንት ሦስት ጊዜ በባዕድ ቋንቋ ሦስት ሦስት ተቆጠረብኝ፤ ከሰል ሆንኩ አሉኝ። ዛሬ ጠዋት የቆጠረኝ ሰው በእግዚኦ ነው የቆጠረኝ። ሰባት ነበር። ስድስተኛው ላይ ትንፋሽ አጥሯት ሰባተኛውን ዋጥ አድርጋዋለች። ከዚያ ሳጥኑ ዘንድ ሆና አርባ አንድ አለች። ጨረሰች ስል አሥራ ሁለት ጨመረች።» ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ለምን ጨመርሽ?»

«ውሃው በርዶ ነበር፣ የኔታ። የበረደ ውሃ ሰነፍ ነው።»

«ማን ነገረሽ?»

«የነገረኝ የለም። አባቴ ቆዳ ሲዘፈዝፉ በብርድ ቀን ይጨምራሉ።»

የኔታ ወደ ደምሰው ዞሩ። «ይህን አስተምረሃታል?»

ደምሰው ጎንበስ ብሎ ኮሮጆውን ማሰር ጀመረ።

አንድ ቄስ «ይህማ የእግዜር ስጦታ ነው፤ ሳይማሩ ማወቅ» አሉ።

«አይደለም» አሉ የኔታ። «ሳይማሩ ማወቅ የለም። ይቺ ልጅ ከአባቷ ውጥር ሥር ተቀምጣ ተምራለች። የአባቷ ቤት የምስክር ወረቀት ስለማይሰጥ ነው ሳትማር የመሰላችሁ።» ከዚያ ድምፃቸውን ሳይለውጡ «አንተ ቋራው፣ አንተም አሥራ አንድ ዓመትህን አበላሽተሃል፤ ነገ ያችን ቦታ መቶ ጊዜ ትላታለህ» አሉ።

ቋራው «እሺ፣ የኔታ» አለ። ደስ ብሎት ነበር።

አባቴ ተነሡ። ለሽማግሌዎቹ እጅ ነሱ። «ልጄ ሥራ አላት» አሉ። «ሥራዋንም አይቻለሁ። ለባልዮው ይህን ንገሩልኝ።» ሽማግሌዎቹ ለበዓሉ አድረው በማግስቱ ወደ ስማዳ ተመለሱ። እኔን ይዘው አልሄዱም።

እዚህ ላይ ባቆም ሁላችሁንም ደስ ባላችሁ ነበር። ነገሩ ግን አላለቀም።

በዓመቱ፣ የኔታ ገዳም ከገቡ በኋላ፣ ቋራው ፎቶውን ይዞ አባቴ ቤት ወዳለሁበት መጣ። ጠርዙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ቡናማ ሆኗል። ጭጋጉ ወደ መሐል እየሄደ ነው፤ አንዱ ጆሮ ጠፍቷል። ወሬው ንፋስ መውጫ ደረሰ። ደምሰው በገበያ መሐል ምን አለ? «ማኅተሙ የእኔ ነው፣ እጁ ግን የእሷ ነው። ተሰጥኦ ይደበዝዛል፤ የሚጸናው ትምህርት ነው።» ፎቶው ሲያምር የእሱ ነበር፤ ሲበላሽ የእኔ ሆነ።

ምክንያቱን ያወቅሁት ደብረ ታቦር ነው። እዚያ አንድ ሽማግሌ ፎቶ አንሺ ዘንድ ለመማር ገባሁ። በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ሳጥን ሳያስነኩኝ፣ አንድ ነገር አሳዩኝ። የሚያጸናው ውሃ ወረቀቱ ላይ ከቀረ ውሎ አድሮ መልኩን ይበላዋል። ስለዚህ ፎቶ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ይታጠባል፤ ቢያንስ ሰባት ውሃ። ሰውየው ይህን ሲነግሩኝ ቁጭ አልኩ። ስቀዳው የኖርኩት ውሃ ለዚህ ነበር። የሙያው ምሥጢር ሁለት ዓመት በጀርባዬ ላይ ነበር፤ አልጠየቅሁም። ደምሰው ያን ቀን ፎቶውን አንሥቶ ሲያሸት እንዳልታጠበ አውቋል። አንድ ቃል ቢናገር፣ ምንጩ ቅርብ ነበር። ማኅተሙን መታና ዝም አለ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ማኅተሙን ይቅር ብዬዋለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ሌብነቱን ያስቀድም ይሆናል፤ እኔ ይቅር ያላልኩት ዝምታውን ነው። ስለ ተሰጥኦና ስለ ትምህርት ሰው ሲከራከር እሰማለሁ። «ማንጠግቦሽ የተፈጥሮ ናት» ብለው ሊያመሰግኑኝ የሚሞክሩም አሉ። አልወደውም። የተፈጥሮ ሲሉኝ የአባቴን ውጥርና የበረደ ክንዴን ይወስዱብኛል። የኔታን ያነሣሁት ተምሬ ነው። ፎቶው የተበላሸብኝም አንዲቷን ትምህርት በር ዘግቶ የደበቀብኝ ሰው ስለነበረ ነው።

ደብረ ታቦር ሁለት ዓመት ተማርኩ። የየኔታ ፊት ጨርሶ ሳይጠፋ ፎቶውን ሳጥን ፊት አቁሜ በአዲስ ወረቀት ገለበጥኩት፤ ለተማሪዎቹ ሁሉ አደረስኩ። አንዱ ጆሮ እንደጠፋ ቀረ። እዚያ ያገኘሁትን የምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ አልሰቀልኩም፤ የልብስ ሳጥኔ ውስጥ ነው። ከዚያ ንፋስ መውጫ ተመልሼ ከደምሰው ቤት ፊት ለፊት ፎቶ ቤት ከፈትኩ። እኔ ዘንድ ለሚማሩ ሁሉ መጀመሪያ የማሳያቸው እጥበቱን ነው።

ደምሰው ሲያረጅ ለመታወቂያ አንድ ጊዜ እኔ ዘንድ መጣ፤ ራሱን ማንሣት አይችልምና። አነሣሁት። ብዙ አላወራንም። ሲሞት ልጆቹ ለተዝካሩ የሚሆን ፎቶ አጥተው መጡ። ያንን የመታወቂያ ፎቶ አውጥቼ አባዛሁላቸው። በሰባት ውሃ አጠብኩት። ጀርባው ላይ ማኅተሜን መትቼ ሰጠኋቸው።